እትዬ ሐቢባና የግድግዳዋ እናት

ሐበሻ ባዕድ አገር ሲሰፍር፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ቀድሞ የሚገኘው አንድ የህንድ ፊልም አዋቂ ነው። ይህ ሰው ፊልሙ ገና ሲጀምር፣ የተዋንያኑ ስም ተጽፎ ሳያልቅ፣ ማን እንደሚሞት ይነግራችኋል። በልጅነቱ የጠፋው ወንድም በየትኛው ክንዱ ላይ ጠባሳ እንዳለው ይነግራችኋል። ዝም በል ስትሉት «እኔ ምን አልኩ?» ብሎ ይቀየማል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ገዳዩን ይጠቁማችኋል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አጠገባችሁ ተቀምጦ ለውዝ ፈልፍሏል።

እዚህ ስዊድን ውስጥ የእኛ ሰፈር፣ የአልቢ አዋቂ፣ ሴት ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት እትዬ ሐቢባ፣ የአምስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የደሴ ተወላጅ፣ የመርካቶ ምሩቅ፣ በህንዶች ፊት ጉዳይ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ነው። በወጣትነታቸው መርካቶ ውስጥ የአንድ ሲኒማ ቤት ጠራጊ ነበሩ። ሌላው ሰው ተቀምጦ አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል፤ እሳቸው አንዱን ፊልም መጥረጊያቸውን ተደግፈው አርባ ጊዜ አይተዋል። «አንድ ጊዜ ያየሽው ሰው ያታልልሻል» ይላሉ። «አርባ ጊዜ ያየሽው ግን ምኑን ይደብቅሻል?»

ህንድኛም ይችላሉ። ችግሩ የሚችሉት ከፊልም የተማሩትን ብቻ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ህንዳዊ ባለሱቅ «ድንቹ ከየት የመጣ ነው?» ብለው መጠየቅ አይችሉም፤ «የአባቴን ደም ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም» ማለት ግን አቀላጥፈው ይችላሉ። ምስኪኑ ሰውዬ የመጀመሪያ ቀን ደንግጦ ጓዳ ገባ አሉ። አሁን ለምዷል። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «ይህ ጋብቻ አይፈጸምም!» ሲሉ እሱ ድንቹን ይመዝናል።

ነገሩ በፊልም ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። እትዬ ሐቢባ ግን ፊልሙ ሲያልቅ አያቆሙም። መንገድ ላይ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ፊቱን አይተው ቦታ ይሰጡታል። «አንተ ዳኛው ነህ።» «አንቺ የጀግናው እህት ነሽ፤ ብቻሽን ከቤት አትውጪ።» እንዴት አወቁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ፊቱ ነግሮኛል።» ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ትቬትስቱጋ ውስጥ ነበርን፤ ሕንፃው በሙሉ በተራ ልብሱን የሚያጥብበት ምድር ቤት ማለቴ ነው። በዚህ አገር ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚተዋወቅበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው፤ የሚጣላበትም። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ስዊድናዊ ሽማግሌ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ገቡ። ካልሲያቸውን ከማሽኑ አውጥተው፣ ፈገግ ብለው፣ በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። እትዬ ሐቢባ አንሶላ እንደያዙ ቀሩ።

«ነጭ ሸሚዝ» አሉ።

«ንጹሕ ሰው ናቸው» አልኩ።

«ሳይናገር ፈገግ ብሎ በነጭ ሸሚዝ የሚወጣ ሰው ከፊልሙ እረፍት በኋላ አይመለስም። ፊቱ ነግሮኛል።»

በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌው ሞቱ።

«ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው፣ ራሴን ለማረጋጋት።

«እሱማ» አሉ። «ግን ዘጠና አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሞት ነው የኖረው።»

 

ንጋቱ ደግሞ አለ። ንጋቱ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የእኛ የጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ ቀልድ ሲሰማ እንደ ጥርስ ሕመም የሚሰማው ሰው። እትዬ ሐቢባ አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ሊወርዱ ሲሉ ዘወር ብለው አዩትና «የጠፋው ወንድም» አሉት።

«እናቴ፣ እኔ የጠፋ ወንድም የለኝም። ለእናትና ለአባቴ አንድ ነኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በጌታ ስም እኔ ላይ አይሠራም።»

«መች ወንድም ጠፍቶብሃል አልኩህ፣ የኔ ልጅ?» አሉ በደረጃው እየወረዱ። «የጠፋኸው አንተ ነህ።»

ወር ሳይሞላ ከነቀምት ስልክ ተደወለለት። አባቱ እሱን ከመውለዳቸው በፊት ሌላ ቤት ነበራቸው፤ ሦስት ወንድሞቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲፈልጉት ኖረዋል። ንጋቱ አሁንም አያምንም። ብቻ እትዬ ሐቢባ አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ መንገዱን ያያል።

ለእኔ፣ ለምኞት፣ የሰጡኝ እንስራ ተሸክማ ከኋላ የምትሄደዋን ሴት ቦታ ነው። ጀግናውና ፍቅረኛው ሲዘፍኑ ከጀርባቸው ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት አለች፤ ማንም አያያትም። አልተቀየምኩም። ከሰባተኛ ክፍል አቁሜ መጀመሪያ የሰው ልጅ ሳዝል፣ አሁን ደግሞ ሄምሼንስት በሚሉት የአረጋውያን እንክብካቤ ከቤት ቤት እየዞርኩ የስዊድኖችን እናትና አባት ሳጥብና ሳበላ ኖሬያለሁ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጀርባ ባልዲ ይዤ ነኝ። ሴትዮዋ አልተሳሳቱም።

«ደግ ቦታ ነው» አሉኝ። «እንስራ የያዘች ሴት ስትገደል አይቼ አላውቅም።»

ባለፈው መስከረም እንግዲህ ወሬው መጣ። አንድ ወፍራም የስዊድን መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው። መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ ከምንከባከባቸው አሮጊቶች የአንዷ መደርደሪያ ላይ ስላለ በየሳምንቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ስለሚጣሉ ሦስት ወንድምና እህት ነው ይላሉ። ፊልም ሠሪዎቹ ዓለም ሁሉ እንዲያየው ብለው ቤተሰቡን ህንዳዊ አደረጉት። ተዋንያኑ ከሙምባይና ከለንደን ይመጣሉ፤ ቤቱ ግን እዚሁ ኡፕላንድስ ቬስቢ ነው።

እትዬ ሐቢባ ይህን የሰሙ ቀን፣ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት የደረሳቸው ሰው ይመስሉ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ኢናስን ሶፋው ላይ አስቀምጠው የተመረጡትን ተዋንያን ፎቶ አንድ በአንድ ከስልኳ እንድታሳያቸው አደረጉ። ኢናስ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እትዬ ሐቢባ ስዊድንኛ ይሰማሉ፤ የሚመልሱት ግን በአማርኛ ነው። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት በሰላም ኖረዋል።

«ይሄ ማነው?»

«ታላቅ ወንድምየው። ክፉው።»

«ክፉ? ይሄ? አስተግፊሩላህ! ይሄ እኮ ሐኪሙ ነው! ከክፍል ወጥቶ፣ መነጽሩን አውልቆ ‹የተቻለንን አድርገናል› የሚለው። እዪ ዓይኑን፤ መነጽር ማውለቅ የለመደ ነው።»

«እሷ ደግሞ እህትየዋ።»

«አትሆንም። ይቺ ሮጣ የምትወድቅ አይነት አይደለችም። የማትወድቅ ልጅ ምን ታደርግልናለች? እናትየዋስ?»

«እናትየዋን ገና አልመረጡም።»

«በይ ጻፊ።»

ኢናስ ጻፈች። ደብዳቤው «ለተከበራችሁ ፊልም ሠሪዎች፣ በችኮላ የተሰጠው ሹመት ይታረም» ብሎ ይጀምራል። ሐኪሙ ወደ ሐኪምነቱ እንዲመለስ፣ እህትየዋ ወደ ጠበቃነት እንድትዛወር ያሳስባል። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን፣ በአልቢ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የህንድ መልክ ያላቸው ሰዎች እንመርጣለንና ብቅ በሉ።

በቀጠሮው ቀን ሰልፉ እስከ ውጭ ደረሰ። ግማሹ የወሎ ሰው ነበር። ከቺሊ የመጣ አንድ ሰውዬም ተሰልፏል። እትዬ ሐቢባ አለፍ ገደም እያሉ ሰልፉን ጎበኙትና ከሰውዬው ፊት ለፊት ቆሙ። «ጢሙ ህንዳዊ ነው። ይግባ» አሉ። ማን እንደሾማቸው የጠየቀ የለም።

ተራችን ሲደርስ መራጯ፣ ኡልሪካ የምትባል ፀጉሯ አጭር ስዊድናዊት፣ እትዬ ሐቢባን ትንሽ አየቻቸውና በጣም አመስግና አሰናበተቻቸው። ከዚያ ከኋላቸው ቦርሳቸውን ይዤ የቆምኩትን እኔን አየች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሰው እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ከኋላዬ ማን መጣ ብዬ ዞርኩ።

«አንቺ» አለች። «አንቺን ነው የምፈልገው። ለእናት።»

«እሳቸው እኮ ናቸው የሚችሉት» አልኩ ወደ እትዬ ሐቢባ እያመለከትኩ። «ህንድኛ ሳይቀር።»

«የሳቸው ፊት በጣም ይናገራል» አለች ኡልሪካ። «ያንቺ ዝም ይላል። እኛ ዝም የሚል ነው የምንፈልገው።»

እትዬ ሐቢባ አራት ቀን አላናገሩኝም። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ቦታ ልብስ ስቀይር መስታወቱ ፊት ከወትሮው ቆየት ማለት ጀምሬ ነበር። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መመረጤ ነው።

በሳምንቱ በፔንደል ባቡር ቬስቢ ሄድኩ። ቤቱ ሐይቁ አፍ ላይ የቆመ ትልቅ የእንጨት ቤት ነው። ሳሪ አለበሱኝ፤ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «የምትናፍቂውን ሰው አስቢ፣ ፈገግ አትበይ» አለኝ ፎቶ አንሺው። ማንንም አላሰብኩም፤ በዚያ ሰዓት የናፈቀኝ እንቅልፍ ነበር። አንዴ ብልጭ አደረገ። «አለቀ» አለ። ያነሳውን ሲያሳየኝ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ፎቶው ውስጥ ያለችው ሴት እኔን ትመስላለች፤ እኔ ግን እሷን አልመስልም። እሷ አርፋለች።

ስመለስ እትዬ ሐቢባ ኩርፊያቸውን ትተው ደረጃው ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

«ምን አልሽ? ምን ተናገርሽ?»

«ምንም። አልተናገርኩም።»

«አለቀስሽ? እናት ሆኖ አለማልቀስ የለም።»

«ተቀመጥኩ፣ ፎቶ አነሱኝ፣ ሂጂ አሉኝ።»

«ፎቶ ብቻ?» ድምፃቸው ወረደ። «ምኞት፣ እስቲ አስታውሺ። እዚያ ቤት ውስጥ አበባ ነበር?»

አዎ፣ ነበር። አንድ ሠራተኛ ብጫ አበባ በክር እየሰካ ረጅም ጉንጉን ሲሠራ አይቻለሁ። ይህን ስላቸው እኔም ገባኝ። የህንድ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አበባ ካጠለቀ ባለፎቶው ሞቷል። የሦስቱ ልጆች እናት ፊልሙ ሲጀምር የለችም። ያለችው ግድግዳው ላይ ነው።

ለመሳቅ ሞከርኩ። «ታዲያ ፊልም ነው እኮ፣ እትዬ።»

እሳቸው አልሳቁም። አገጬን በሁለት ጣታቸው ያዙና ፊቴን ወደ መብራቱ አዞሩት። «ፊቱ ነግሮኛል» የሚሉበትን ጊዜ ጠበቅሁ። አላሉም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ድስት ጥጄ ነበር» ብለው ወጡ። ድስት አልጣዱም፤ ሽታው የለም።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ከሆስፒታል ደብዳቤ ደርሶኛል። የጡት ራጅ ተነስቼ ነበር፤ ግልጽ ስላልሆነ ተመልሰሽ ተጨማሪ እንድትነሺ ይላል። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ደግሞ እዚያ መሆኑን ስለማውቅ መጽሐፍ ቅዱሴን መክፈት ፈራሁ።

ኅዳር ገባ። በኅዳር እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። የገበያ አዳራሹ በር ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት ነው። ለእኔ አልተከፈተም። ወደ ኋላ ሄጄ ተመለስኩ። አልተከፈተም። አንዲት ርግብ በእግሯ መጣች፤ ተከፈተላት። እሷን ተከትዬ ገባሁ።

ስልኬ ፊቴን አይቶ የሚከፈት ነበር። ፊቴን አሳየሁት። «እንደገና ሞክሪ» አለኝ። መነጽሬን አወለቅሁ። «እንደገና ሞክሪ።» በሦስተኛው ሙከራ ቁጥር ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን ሲያይ አወቀኝ።

ያ መጽሐፍ ያላቸው አሮጊት፣ እየረሱ የተቸገሩት፣ አንድ ጠዋት ትራሳቸውን ሳስተካክል ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ሞተሻል፣ አይደል?» አሉኝ በትሕትና። «እንደዚያም ሆኖ መምጣትሽ ደግነት ነው።»

«መድኃኒትዎን ይዋጡ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

እኔ አማኝ ነኝ። እንዲህ ባለ ነገር እንደማላምን ለራሴ ነገርኩት። ግን ቬስቢ ውስጥ በዚያ ሐይቅ ዳር፣ በጨለማው ክፍል፣ አንዲት እኔን የምትመስል ሴት አበባ አጥልቃ እንደተሰቀለች አውቃለሁ። ባቡር ውስጥ ስቀመጥ፣ ዓይኔን ስጨፍን፣ ያ አበባ አንገቴ ላይ ይከብደኛል። እትዬ ሐቢባም ጠፉ። ደረጃው ላይ የሉም፤ በር ሳንኳኳ ኢናስ «አያቴ ወጥታለች» ትላለች። የት? ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እየሸሹኝ ነው አልኩ። እንደማይመለስ ያወቁትን ሰው ማን ያያል?

ቀጠሮዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ከኡልሪካ የስልክ መልእክት መጣ። ሌላ ፎቶ ለመጠቀም ስለወሰንን ያንቺን አውርደነዋል፣ ስለ ትብብርሽ እናመሰግናለን ይላል። ሰው መሆን ይገርማል። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም። ለሞተ ሰው ፎቶም አልበቃሁም ብዬ አለቀስኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ራጁን አነሱኝ፣ በሌላ መሣሪያም አዩኝ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስጠበቁኝ። ሐኪሟ ገባች። መነጽር አድርጋለች። እንዳታወልቀው ጸለይኩ። አላወለቀችም። ውሃ የቋጠረች ትንሽ ነገር ናት፣ ክፉ አይደለችም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንገናኝ አለችኝ።

ከሆስፒታሉ ቀጥታ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ኢናስ ከፈተች፤ አያቷ የሉም። አገላብጣ አየችኝና ከዚያች ልጅ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ሰማሁ። «አንቺ አታውቂም?» አለችኝ።

ስልኳን አሳየችኝ። የቬስቢው ቤት ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ብጫ አበባ አጥልቋል። ፎቶው ውስጥ ያሉት እትዬ ሐቢባ ናቸው።

ኢናስ የሆነውን ነገረችኝ፤ በመጨረሻው ቀን አብራቸው ነበረች። እትዬ ሐቢባ ለአምስት ቀን በየማለዳው በፔንደል ቬስቢ እየሄዱ ያ ቤት በር ላይ፣ በረዶው ውስጥ፣ ነጭ ለብሰው ቆሙ። ሰዎቹ ሂዱ አሏቸው፤ አልሄዱም። ኡልሪካ መጥታ ፊትዎ ይናገራል አለቻቸው፤ ዝም አሏት። በአምስተኛው ቀን ከሙምባይ የመጣችው ተዋናይት፣ ያቺ አትወድቅም ያሏት፣ ከመኪና ወረደች። እትዬ ሐቢባ ወደ እሷ ሄዱና ከሚያውቁት ህንድኛ አንዱን መዝዘው «ልጄ፣ በዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት ጠበቅሁሽ» አሏት። ልጅቷ እንደ አገሯ ወግ ዝቅ ብላ እግራቸውን ነካች። ከዚያ በረዶው ላይ ተንበርክካ ቀረች። የገዛ እናቷን በበጋው ቀብራለች አሉ፤ በሥራ ምክንያት ሳትደርስ። ተነሽ ቢሏት የምትነሳ አልሆነችም። «እናቴ እሳቸው ናቸው» አለች። «ሌላዋን አውርዷት።»

እትዬ ሐቢባን ያገኘኋቸው ትቬትስቱጋ ውስጥ ነው፤ መጋረጃ እያጠቡ።

«ምን አድርገው ነው?» አልኳቸው። 

«ምን አደረግሁ? ያንቺ ፎቶ አላማረም። ፊትሽ ለስክሪን አይሆንም ብዬ ቀድሞም ተናግሬያለሁ።»

«እትዬ።»

መጋረጃቸውን አስቀመጡ። «ያን ቀን ፊትሽን አየሁት። ዝም አለኝ። ከሲኒማ ቤቱ ጀምሮ፣ አርባ አምስት ዓመት፣ ፊት ዝም ብሎኝ አያውቅም።»

«ሞት በእግዚአብሔር እጅ ነው።»

«በአላህ እጅ ነው እንጂ! ይሄን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?» ተቆጡ። «ግን መልአኩ በዚያ ሲያልፍ፣ ፎቶሽን አበባ ለብሶ ቢያይ፣ ‹ይቺን ወስጃት ነበር እንዴ?› ብሎ መዝገቡን ያገላብጣል። ለምን እናስገላብጠዋለን? እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ ቢያገላብጥም ገጼ ቅርብ ነው። አንቺ ደግሞ ነገ ሥራ አለብሽ።»

ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ሐኪሟ፣ ምንም አልነገርኳቸውም።  ማሽኑ እስኪጨርስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። በአሥራ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ቬስቢ ወርጄ ሐይቁን ይዤ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አናጢው እንኳን መዶሻውን በቀስታ ነው የሚያስቀምጠው። እትዬ ሐቢባ ከግድግዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። በየትም በኩል ብሄድ ዓይናቸው ይከተለኛል፤ በየተራ ቦታ የሚሰጡ ይመስላሉ። ግድግዳው ትልቅ ነው። እሳቸው መሃሉ ላይ ብቻቸውን ናቸው።

«የእኔንም መልሺው» አልኳት ኡልሪካን። «ከጎናቸው።»

«ሁለት እናት ሊኖር አይችልም።»

«አክስት በዪኝ።»

«ታሪኩ ውስጥ አክስት የለችም።»

«ግድ የለም» አልኩ። «እኔን የሚያየኝ የለም።»

ዝም የሚለውን ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አናጢውን ጠራችው። ቀጭን አበባ አጥልቀው ሲሰቅሉኝ ቆሜ አየሁ። አንዲት ለሠርጉ ትዕይንት የመጣች ህንዳዊት ልጅ በር ከፍታ ገባች፤ ፎቶውን አየች፣ ከሥሩ የቆምኩትን እኔን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ወጣች። እኔ ግን አልቀዘቀዘኝም። ከአጠገባቸው ስሆን ያቺ ሴት ያን ያህል ያረፈች አትመስልም። የምትጠብቅ ትመስላለች።

ስመለስ ጨልሞ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁና በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው።

«አንቺ እብድ!» ጮኹ። «ጭራሽ እብድ! በረዶ ላይ አምስት ቀን ቆሜ ያወረድኩሽን! እግሬ እስካሁን አልሞቀም! ማን ስቀሉኝ በይ አለሽ?»

«ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው።»

 ኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋና ጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ቆምን። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ከየት በኩል ሰቀሉሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከግራዎ።»

«አበባሽስ? ከኔ ይበልጣል?»

«ያንሳል፣ እትዬ። ቀጭን ነው።»

«እንዲያ ይሻላል» አሉና በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልገው ያዙኝ። እጃቸው ይሞቅ ነበር።